ወረራውን የባረኩ አንደበቶች

ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ሰበኩ። ጣሊያን ኢትዮጵያን መውረር ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። ካርዲናሉ የጣሊያን ጦር ደሙን እየከፈለ የኢትዮጵያን በር ለካቶሊክ እምነትና ለሮማ ሥልጣኔ እየከፈተ ነው አሉ። ይህ የተባለላት አገር እኮ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ናት! ንጉሥ ኢዛና መስቀልን በገንዘቡ ላይ ካስቀረጸ ከ1500 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ለወረራ መሣሪያ ብቻ አይበቃም። ልጆቹን የሚያሳድግ፣ እሑድ እሑድ የሚያስቀድስ ደህና ሰው የሰው አገር መውረር ጽድቅ መስሎ ሊታየው ይገባል። ይህን የሠሩት ስብከቱና ግጥሙ ናቸው።

የጣሊያን ወታደሮች «ፋቼታ ኔራ» የሚባል ዘፈን እየዘፈኑ ዘመቱ። ትርጉሙ «ጥቁሯ ፊት» እንደማለት ነው። ግጥሙ አንዲትን ሐበሻ ልጅ ባሪያ ያደርጋትና መጥተን ነፃ እናወጣሻለን፣ ሌላ ሕግና ሌላ ንጉሥ እንሰጥሻለን ይላታል። ዜማው ደስ ይላል፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ሕጉስ መጣ። በ1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት አዋጅ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር አለ። ነፃ እናወጣታለን የተባለችው ልጅ አብሯት መኖር የሚያሳስር ሰው ሆነች።

በታኅሣሥ 1928 ደግሞ ንግሥት ኤሌና ፊት ቀድመው፣ የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ። በምትኩ የተባረከ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። በዚያው ወር የራስ እምሩ ጦር ላይ ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ዘነበ።

ካርዲናል ሹስተር በኋላ የፋሺስቶቹን የዘር ሕግ በአደባባይ ተቃውመዋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት ተደብድበዋል። በግንቦት 1929 በመቶዎች የሚቆጠሩ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሽነዋል። መስቀል እናመጣላችኋለን ያለው ጦር የገደለው መስቀል የያዙትን ነው።

እኛ ትምህርት ቤት ስለ ማይጨው ስንማር ስለ አውሮፕላኑና ስለ ጋዙ ሰምተናል፤ ስለ ግጥሙ ግን ማንም አልነገረን። ልጆቻችን የዘፈኑን ግጥምና የ1929ኙን አዋጅ ጎን ለጎን ቢያነቡ እወዳለሁ።