አሮጌ መልክ፣ አዲስ ሞተር፣ ያው ነፋስ

ክላሲክ መልክ ያላት ሞተርሳይክል የሚነዳ ሰው ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ሁለት ጥያቄ አይቀርለትም። አንደኛው «የድሮ ናት እንዴ?» ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ አይደለችም። ሁለተኛው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም ትንሽ እንዋሻለን። ሆን ብለን አይደለም። አንድ ቀን፣ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋን ያገኘናት ቁጥር አለች። እሷኑ ይዘን ዓመቱን ሙሉ እንደጋግማታለን። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሠላሳ!» ያልኩበት ጊዜ አለ። የቀዳሁትን ሁሉ ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን አፌን ሰብሰብ አድርጌያለሁ።

የማወራው «ዘመናዊ ክላሲክ» ስለሚባሉት ነው። የትሪምፍ ቦኔቪል፣ የሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 እና ኢንተርሴፕተር 650፣ የካዋሳኪ ደብሊው 800፣ የሆንዳ ጂቢ 350፣ የሞቶ ጉዚ ቪ7 እና መሰሎቻቸው። ክብ መብራት፣ ጠፍጣፋ ወንበር፣ የሚያብለጨልጭ ማርሚታ። ሆዳቸው ውስጥ ግን ኮምፒውተር አለ።

ስለ እነሱ ሁለት ወሬ ይናፈሳል፤ እርስ በርሱም ይጣላል። አንዱ «የድሮ ሞተር ስለሆነ ነዳጅ ይጠጣል» ይላል። ሌላው «ዝግ ብሎ ስለሚሽከረከር ነዳጅ አይነካም» ይላል። ሁለቱም የሚያዩት ሞተሩን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው የማየው፤ ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ ጃኬቱ እየተርገበገበ የሚሄደውን።

መጀመሪያ የመጀመሪያውን ወሬ እንጨርሰው። የድሮ ሞተር ነዳጅ ይበላ የነበረው በአብዛኛው በካርቡራተሩ፣ ማለትም ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ዕቃ፣ ምክንያት ነው። ካርቡራተር ብርዱንም ሙቀቱንም፣ ከፍታውንም ዝቅታውንም የሚያየው በግምት ነው። የዛሬዎቹ ነዳጁን በኮምፒውተር ነው የሚረጩት። በጭሱ መውጫ ላይ ያለ መለኪያ የተረፈውን ኦክስጅን እያየ ድብልቁን ያስተካክላል። ማርሽ ሳታወጡ ነዳጅ መስጠቱን ስትተዉ ደግሞ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ መርጨቱን ጭራሽ ያቆማል። ቁልቁለት በማርሽ መውረድ በነጻ መሄድ ነው ማለት ይቻላል። ፍሪሲዮን ይዞ የሚንሸራተት ሰው ግን ቆጠብኩ እያለ ለሚኒሞ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ብቻ ለሚዞርበት፣ ነዳጅ ይከፍላል።

የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ቦኔቪል በ2008 ወደ ነዳጅ መርጫ ስትዞር ፋብሪካው መርጫውን ካርቡራተር አስመስሎ ሠራው። ቆሞ የሚያያት ሰው አሮጌ ነገር ያየ ይመስለዋል። «ትጠጣለች» የሚለው ወሬም የዚህ ዓይነት ዓይን ያመጣው ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ። ሞተርሳይክል ቀጭን ስለሆነች ነፋስ የሚያልፍላት ይመስለናል። ተሳስተናል። መከለያ የሌላት ሞተር ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደ ተከፈተ በር ነው። የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ፍጥነታችሁን እጥፍ ስታደርጉ ግፊቱ 4 እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። በግምት ላስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ነፋሱ ብቻ 1.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 90 ላይ 5.6 ይሆናል። 120 ላይ 13 ይደርሳል። የክላሲክ 350 ሞተር አለኝ የሚለው ሁሉ 20 ፈረስ፣ ማለትም 15 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። 120 ላይ ለምን እንደምታቃስት ከዚህ መገመት ይቻላል። ጎማና ካቴናም ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ስለዚህ በ70 የምትሄድ ትንሽ ሞተርና በ110 የምትሄድ ያቺው ሞተር፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ በነዳጅ በኩል እህትማማች አይደሉም። አንዱ ሰው «35 ትሄዳለች» ሲል ሌላው «25 እንኳ አልደረሰችልኝም» ቢል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሞተሩ መጠን ይገባል። በ60 ለመሄድ 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ይበቃል። ያን ያህል ከ1,200 ሲሲ ሞተር ስትጠይቁ፣ የአየሩ በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ሞተሩ አየር የሚስበው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ወፍራም ጭማቂ በቀጭን ስትሮ እንደሚመጥ ሰው ይታገላል፤ ትግሉም የሚከፈለው በነዳጅ ነው። የ350ዋ በር ግን በደንብ ተከፍቷል። ያንኑ ሥራ ያለ ጭንቀት ትሠራለች። የአምራቾቹ ቁጥርም ይህንኑ ይላል። ክላሲክ 350 በ100 ኪሎ ሜትር ከ3 ሊትር በታች ተብላለች። የ900 ሲሲዋ ቦኔቪል 4 ገደማ ናት። የ1,200ዋ ወደ 5 ትጠጋለች።

ዝግ ብሎ መሽከርከር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የጂቢ 350 ሞተር ረጅም ምት ያለው ነው፤ ሲሊንደሩ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 90.5 ሚሊ ሜትር ጉዞ። ትልቁን የማዞር ኃይሉን (ቶርክ የሚባለውን) የሚሰጠው በደቂቃ በ3,000 ዙር ነው። የ1,200ዋ ቦኔቪልም 105 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይሏን 3,500 ዙር አካባቢ ታወጣለች። እንዲህ ያለ ሞተር ቶሎ ቶሎ ማርሽ እንድትጨምሩ ይጋብዛል። ግብዣውን የሚቀበል ይቆጥባል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያጓራ ሰፈር የሚዞር ግን ረጅም ምት ቢኖረው ባይኖረው ምን ይለውጣል? ሁሉም ክላሲክ ረጅም ምት ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። ኢንተርሴፕተር 78 በ67.8 ናት፤ አጭር ምት። መልክ እያየን ሞተር እንተረጉማለን።

የብሮሹሩ ቁጥር ውሸት ነው የሚሉ አሉ። ውሸት አይደለም፤ የሌላ ሰው ጉዞ ነው። ደብሊው ኤም ቲ ሲ የሚባለው መለኪያ ሞተሯን ቤት ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ አስቀምጦ፣ በሰከንድ በሰከንድ በተጻፈ ፍጥነት ያስነዳታል። ሁሉም ሞተር በአንድ ሥርዓት ስለሚፈተን አንዷን ከሌላዋ ለማወዳደር ይጠቅማል። ከኋላ የተቀመጠች ሚስት ግን የለችም። የጎን ቦርሳ የለም። ቢጫ መብራት ቀይ ሳይሆን ለማለፍ የሚጣደፍ እጅም የለም። የጃፓን ብሮሹሮች ደግሞ ከዚህ ጎን በ60 ኪሎ ሜትር ቋሚ ፍጥነት የተለካ ሌላ ቁጥር ያወጣሉ። ያቺ ቁጥር ሁልጊዜ ቆንጆ ናት። በ60 ቋሚ ፍጥነት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን እኔ አላገኘሁትም።

የዕለት ተዕለት ጉዞ ደግሞ መቆምና መነሳት ነው። ይህን ሳሰላ እኔው ተገርሜያለሁ። እነዚህ ሞተሮች ከነነዳጃቸው 200 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ነጂው ሲጨመር 300 ይጠጋሉ። ይህን ክብደት ከቆመበት ወደ 50 ለማድረስ 29 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ይዟል። ሞተሩ ከዚያ አምስተኛውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ ከእያንዳንዱ ማቆሚያ ለመነሳት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ የሚቆም ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 300 ማንኪያ አፈሰሰ። ከ1 ሊትር በላይ ነው። ፍሬን ስትይዙ ያ ማንኪያ ሙቀት ሆኖ ይበናል። ቀዩን መብራት ከሩቅ አይቶ ነዳጅ መስጠቱን የሚተው ሰው ማንኪያዎቹን ኪሱ ይከታል።

ጠዋት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚያቆም ሰው ሌላ ችግር አለበት። ቀዝቃዛ ሞተር ወፍራም፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ ድብልቅ ይፈልጋል። እስኪሞቅ ይጠጣል፤ ሊሞቅ ሲል ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ኑሮ ላይ የትኛዋም ሞተር የብሮሹሯን ቁጥር አትሰጥም። ጎማ ልል ሲሆንና ካቴና ሲደርቅም ያው ነው። ማርሚታ ቀይረው፣ ፊልትሮ ቀይረው፣ ኮምፒውተሩን ድብልቁን እንዲያወፍር ካስጻፉ በኋላ «ቤንዚን በዛብኝ» የሚሉት ጓደኞቼ ግን ከእኔ ምን ማጽናኛ ይጠብቃሉ?

የመለኪያው ነገርም አለ፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከእሱ ነው። እንግሊዞች ማይል በጋሎን ይላሉ። አሜሪካኖችም እንዲሁ። ጋሎናቸው ግን አንድ አይደለም፤ የእንግሊዙ 4.5 ሊትር ገደማ ሲሆን የአሜሪካው 3.8 ነው። እንግሊዛዊው 60 ሲል አሜሪካዊው 50 ይላል፤ ሁለቱም 4.7 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር እያሉ ነው። እኛ የለመድነው «በሊትር ስንት» የሚለውም ያታልላል። ከ20 ወደ 25 የተሻሻለ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ሙሉ አዳነ። ከ30 ወደ 35 የተሻሻለው ግማሽ ሊትር እንኳ አልሞላለትም። ሁለቱም «አምስት ጨመረልኝ» ብለው እኩል ይፎክራሉ።

ከታንከር ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ቪ7 21 ሊትር ትይዛለች። በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ብትጠጣ እንኳ 420 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የትሪምፍ 900 ሲሲዋ ስፒድ ትዊን ታንከር 12 ሊትር ነው፤ 4 ብትጠጣ 300 ላይ ታበቃለች። የሁለተኛዋ ባለቤት «ቶሎ ቶሎ እቀዳለሁ፣ ትበላለች» ይላል። የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ነው እንጂ ብዙ ነዳጅ አይደለም።

እንግዲህ ምርጫ ቢሰጠኝ? ለየቀኑ ሥራ፣ አብዛኛው መንገዱ ከ80 በታች ለሆነ ሰው፣ 350ዋን እላለሁ። 1,200ዋን የሚገዛ ሰው ስለ ድምጿ ይግዛት። ስለ መልኳ ይግዛት። እጁን ሲያዞር ወደፊት ስለምትወረውረው ይግዛት። በነዳጅ ግን ምክንያት አይፈልግላት፤ አያገኝም። ሁልጊዜ በ110 የሚነዳ ሰው ደግሞ ከ350ዋ ይራቅ። እዚያ ፍጥነት ላይ ቁጠባዋ ይሳሳል፣ እሷም ታለቅሳለች፤ ኢንተርሴፕተር ትሻለዋለች።

በነገራችን ላይ እኔ ደብተሬ ላይ የምጽፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የቆጣሪው ንባብ፣ የገባው ሊትር፣ አብዛኛውን የሄድኩበት ፍጥነት። ስቀዳ ሞተሯን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቁሜ፣ አንድ ምልክት ድረስ ነው የምሞላው። በጎን ማቆሚያዋ ዘንበል ካለች የሚገባው ይለያያልና። የአንድ ቀን ቁጥር አላምንም፤ አምስት ስድስት ጊዜ ቀድቼ ነው የማካፍለው። ሦስተኛውን ዓምድ መጀመሪያ ላይ አልጽፈውም ነበር። ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ አልገባኝ ሲሉ ጨመርኩት።

አንድ 60 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ እሄድበታለሁ። በ110 ቢነዳ 33 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ80 ደግሞ 45። ልዩነቱ 12 ደቂቃ ነው። ለእነዚያ 12 ደቂቃዎች በየኪሎ ሜትሩ ነፋሱን የምገፋበት ሥራ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የቸኮልኩ ቀን እከፍላለሁ፣ አይቆጨኝም። አሁን ማደያ ላይ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለኝን ሰው «ቸኩለሃል?» ብዬ ነው መልሼ የምጠይቀው።