እንፋሎቱ ብቻ አይታይ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሃይድሮጅን ባቡር ከእንፋሎት በቀር ምንም ስለማያወጣ «ከብክለት ነጻ» ይለዋል። ቀስ እንበል እንጂ! ጀርመን፣ ታችኛው ሳክሶኒ ግዛት ውስጥ 14 የአልስቶም (የፈረንሳይ ባቡር አምራች) የሃይድሮጅን ባቡሮች እ.ኤ.አ. በ2022 የናፍጣዎቹን ቦታ ሲይዙ ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ፊውል ሴል ሃይድሮጅኑን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋህዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እንደ ናፍጣ ሞተር አያጓራም፣ አያጨስም። እሱስ እውነት ነው። ሃይድሮጅኑ ግን ከየት መጣ? መጀመሪያ ላይ የኬሚካል ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነበር። ከነፋስ ኃይል ቢመረት እንኳ ከኤሌክትሪኩ መንኮራኩሩ ጋ የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው፤ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ በቀጥታ ቢሆን አብዛኛው ይደርስ ነበር። ግዛቲቱ ራሷ በ2023 ወጪውን አይታ ፊቷን ወደ ባትሪ ባቡር አዙራለች። ሽቦ መዘርጋት የማያዋጣበት፣ ባትሪም የማይዘልቀው ረጅም መስመር ላይ ከሆነ እኔም አልቃወምም።