እጅና ግንባር

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ወሬው የተነሣው ከዲጂታል መታወቂያ ነው። ከመሃላችን አንድ ጡረተኛ ሹፌር አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሰፈሩ ሁሉ ሲመዘገብ እሳቸው እምቢ ብለዋል።

«አባዬ፣ ባንክ እኮ እየጠየቀ ነው» አለች ልጃቸው።

«ይጠይቅ! አሻራሽን ከእጅሽ ወሰዱ፤ ፊትሽን በካሜራ ወሰዱ። የዮሐንስ ራእይ 13 ምን ይላል? የአውሬው ምልክት በቀኝ እጃቸው ወይም በግምባራቸው። ያለዚያ መግዛትም መሸጥም የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ይነገረኝ?»

«በፊት ደግሞ ባርኮድ ነው ስትለን ነበር። ሳሙና በተገዛ ቁጥር ረዣዥሞቹን መስመሮች እያሳየኸን ‘ይኸው 666’ ትል ነበር።»

«ያ ለማለማመድ ነው» አሉ፣ ሳይስቁ። እኛ ሳቅን።

ሳቁ ሳያልቅ የታሪክ መምህር የሆነው ወዳጃችን እስክሪብቶ አወጣ። መጽሐፉ የተላከው በትንሿ እስያ ላሉ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን እያለ ይቀጥላል። «‘አእምሮ ያለው የአውሬውን ቍጥር ይቍጠረው’ ሲላቸው፣ ሊቈጥሩት የማይችሉትን ነው እንዴ?» አለ። ያኔ ፊደል ቁጥርም ነበር። ክርስቲያኖችን ያሳደደውን የሮም ንጉሠ ነገሥት፣ «ኔሮን ቄሳር»ን፣ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈና ደመረ። 50፣ 200፣ 6፣ 50፤ ከዚያ 100፣ 60፣ 200። ወረቀቱን አዙሮ አሳየን። 666።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች 666 አይሉም፤ 616 ይላሉ። ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንኩስ በሚባል ቦታ የተገኘ ቁራጭ ፓፒረስም እንዲሁ ነው። ስሙን እንደ ላቲኑ «ኔሮ» ብለህ የመጨረሻዋን «ን» ከጣልካት ደግሞ 50 ይጎድላል። 616 ቁጭ። እኔ እዚህ ላይ ሲኒዬን አስቀምጬ ወረቀቱን ተቀበልኩት።

«እና ኔሮ ሞቷል፤ መጽሐፉን እንዝጋው?» አሉ ጋሼ።

ጣልቃ የገባው ዲያቆኑ ነው። «ኔሮ የሞተው እ.ኤ.አ. በ68 ነው። ዮሐንስ ወደ ፍጥሞ የተጋዘው ግን በሌላው የሮም ንጉሠ ነገሥት በድምጥያኖስ ዘመን ነው የሚባለው፤ ወደ 95 ገደማ» አለ። ከዚያ ሄሬኔዎስን ጠቀሰ። ሄሬኔዎስ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንዱ ነው፤ በልጅነቱ የዮሐንስ ደቀ መዝሙር የሚባለውን የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፐስን የሰማ ሰው ነው፤ በ180 ገደማ ስለዚሁ ቁጥር ጽፏል። 616 የሚሉ ቅጂዎች እንዳሉ ያውቃል፤ ስሕተት ነው ይላል። የሚገጥሙ ስሞችም ሞክሯል፤ «ላቴይኖስ»፣ «ቴይታን»። ኔሮን ግን ጭራሽ አያነሣውም። ደግሞም እርግጠኛ ሆኖ ስም ከመጥራት መቆየት ይሻላል ይላል፤ ስሙ በዚያ ዘመን መታወቅ ቢኖርበት ኖሮ ራእዩን ያየው ራሱ በተናገረው ነበር። መምህሩ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

የቤቱ እመቤት ቶናውን እየቀዳች «እናቴም ስምንተኛው ሺህ ገባ እያለች ነው የሞተችው» አለች። (ነገሩን ካነሣን አይቀር፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። እንግዲህ 7000 የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እናቷም የተወለዱት እዚያው ውስጥ ነው።)

እኔ የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ስልኬ ላይ ምዕራፍ 14ን ከፍቼ መጀመሪያውን አነበብኩ። በጉ በጽዮን ተራራ ቆሟል፤ ከእሱ ጋር 144 ሺህ ሰዎች አሉ፤ ስሙና የአባቱ ስም በግንባራቸው ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄኛውስ በምን ማሽን ነው የሚጻፈው?»

«ኧረ በስመ አብ! ያማ መንፈሳዊ ነው።»

«የቱ ጋ ነው እንደዚያ የሚለው?»

መነጽራቸውን ጠየቁና ስልኩን ወሰዱት። ብዙ አነበቡ። መልስ ግን አልሰጡኝም።

የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። የአውሬው ምልክትና የበጉ ስም ያረፉት ያው ግንባር ላይ ነው። በመሃላቸው ያለው ሁለት ጥቅስ ብቻ ነው። አንዱን ቆዳ ውስጥ የሚቀበር ቺፕ፣ ሌላውን የልብ ነገር ማድረግ ከየት መጣ? እጅና ግንባርን ዮሐንስ አልጀመራቸውም። ኦሪት ዘዳግም 6 የእግዚአብሔርን ቃል በእጅህ እሰረው፣ በዓይኖችህም መካከል ይሁን ይላል። እጅ ሥራህ ነው፤ ግንባር አሳብህ ነው፤ ጥያቄው የማን ነህ ነው። አውሬው ያንኑ ገልብጦ ለራሱ አደረገው። መጽሐፉ እኮ አንዳንዴ ምሳሌውን ራሱ ይፈታል። ምዕራፍ 1 ላይ ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ይላል፤ ምዕራፍ 17 ላይ ሰባቱ ራሶች ሰባት ተራራዎች ናቸው ይላል። በሰባት ኮረብታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ሮም እንደሆነች ያኔ ልጅም ያውቃል።

መምህሩንም አልምረውም። ስሌቱ ከባርኮዱ በብዙ ይሻላል። ግን ኔሮን ሲያገኝ መጽሐፉን እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ሊያስቀምጠው ፈለገ። መግዛትና መሸጥ የተከለከሉት ሰዎች ምን በልተው እንዳደሩ አልጠየቀም። ጋሼ ቢያንስ ፈርተዋል። አሻራችን ማን ጋ ተቀመጠ፣ ማንስ ያየዋል ብለው ቢጠይቁ እኔም አብሬያቸው እጠይቃለሁ። ያ ግን የሕግ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ከፍጥሞ ደሴት አልጠብቅም።