ይድረስ ለጎረቤቴ ፍየል፦ ቲማቲሙ እንዴት ነበር?

ክብርት ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቲማቲሜ ናፍቆት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የበሉትን እንዲያውቁት ያህል ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ግርጌያቸውን በምስማር በስቼ፣ አፈሩን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር ደባልቄ የጀመርኩት እርሻ ነበር። ማዳበሪያው በጆንያ የገዛሁት የፍየል በጠጥ ነው። (ከወገንዎ ገዝቼ ለወገንዎ እንደምመልሰው ያን ጊዜ ማን በነገረኝ!) የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በመርፌ በስቼ፣ ጠብ ጠብ እያለ እንዲያጠጣ በየሥሩ ዘቅዝቄ ተከልኩ፤ የድሬዳዋ ውሃ ኖራው ቀዳዳውን በሳምንት ደፈነው። በጣሳ ማጠጣት ቀጠልኩ። ቅጠል የሚመጠው ክሽክሽ ሲወር ደግሞ ከመንገድ ዳር የኒም ቅጠል ለቅሜ፣ ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሬ ረጨሁ። ክሽክሹ ሄደ። እርስዎ መጡ።

“ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ” ሲባል ሁልጊዜ ስለ ሰው የሚነገር ይመስለኝ ነበር።

ሰፈራችን ሳቢያን በሩን ዘግቶ ጋደም የሚልበትን የቀትር ሰዓት መምረጥዎን አደንቃለሁ። በመስኮት አየሁዎት፤ የፊት እግሮችዎን ጀሪካኑ ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ መቅላት የጀመረችውን አንዲት ፍሬ አልፈው ለጋውን ቡቃያ ቀነጠሱ። ላይኛው መንጋጋዎ ላይ እኮ የፊት ጥርስ የለዎትም! በድድ ነው ያጠፉኝ። ስጮህ ያ አግድም የተሰነጠቀ ብሌንዎ እኔንም ቲማቲሙንም እኩል ያይ ነበር፤ አፍዎ ግን ሥራውን አላቆመም።

በርበሬ በጥብጬ ብረጭ ቅመም የጨመርኩልዎ መሰለዎት። እሾህ አጠርኩ፤ ግራር እየበላ ላደገ አፍ እሾህ ማጠር የእኔ ሞኝነት ነው። ለባለቤትዎ አቤት ብል፣ “አቦ፣ ለቅጠል ብለህ ከጎረቤት ልትጣላ ነው?” አሉኝ። በየበረንዳው የሚጣለው የጫት ገራባ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ የሚጠግብበት ነው። እርስዎ ግን ከምርቃና በኋላ ሰላጣ ያምርዎታል።

አሁን ጀሪካኖቹ ላይ እሬት ተክያለሁ። ትናንት አንዱ ቅጠል ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተነክሶ፣ ምራቅ እንደተዝረከረከበት አገኘሁት። በዚያች ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ ይቆጨኛል።

ከማይናቅ ሰላምታ ጋር፣
መጋቢዎ

ግልባጭ፦ ለባለቤትዎ፤ በዓል ሲቃረብ እንዲያስቡበት።