ውዳሴ ለ«አይሆንም» ቤት

ዓለም ለብሪታንያው የዌስትሚኒስተር ምክር ቤት ውለታ አለበት። የፓርላማን ወግ፣ የአፈ ጉባኤን መንበር፣ መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ተቀምጠው መዘላለፍን የተማርነው ከነሱ ነው ይባላል። እኔ ይህን ሁሉ ትቼ ከ2016 እስከ 2019 የዋሉልንን ላንሣ። አንድን ጉዳይ፣ ብሬግዚት የተባለውን የብሪታንያን ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት፣ ሳይቀበሉት፣ ሳይጥሉት፣ ሳይለቁትም ሦስት ዓመት ተኩል ታቅፎ መቆየት እንደሚቻል ያሳዩን እነሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰዎቹ የኛ ዘመን በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር ቢሰሙ ኖሮ የመጨረሻውን ማራዘሚያ ከብራስልስ ሳይሆን ከአዲስ አበባ በጠየቁ ነበር።)

ምስጋናው ከጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን ይጀምራል። የወግ አጥባቂ ፓርቲያቸው ሰዎች በአውሮፓ ጉዳይ እርስ በርስ ሲነካከሱ ቢያስቸግሯቸው፣ ከኅብረቱ እንውጣ ባዩ የናይጀል ፋራጅ ፓርቲም በቀኝ በኩል ድምፅ እየሸረፈ ቢሄድባቸው፣ በ2013 «ብትመርጡኝ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳለሁ» አሉ። የፓርቲን ጠብ ሀገር እንዲፈርደው መስጠት ትልቅ ልግስና ነው። ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝቡ ፈረደ፦ 51.9 በመቶው እንውጣ፣ 48.1 በመቶው እንቆይ። ካሜሩን በማግሥቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ጁላይ 11 ቀን ከዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 10 ደጃፍ መግለጫቸውን ጨርሰው ዞር ሲሉ ማይክሮፎኑ እንዳልጠፋ ረስተውት ኖሮ፣ እያንጎራጎሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓለም ሰማቸው። ሀገሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ፓውንድ ወርዷል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያንጎራጉራሉ። ኃላፊነትን ለተተኪ ማስረከብ እንዲህ በደስታ ሲሆን ያምራል።

ተተኪዋ ቴሬዛ ሜይ «ብሬግዚት ማለት ብሬግዚት ነው» ብለው ነገሩን ፍንትው አደረጉልን። ማርች 29 ቀን 2017 የኅብረቱን ውል አንቀጽ 50 ጠቅሰው የመውጫ ደብዳቤ አስገቡ፤ የሁለት ዓመቱ ቆጠራም ጀመረ። ስለ አንቀጽ 39 ሲጨቃጨቁ በሰማበት ቤት ላደገ እንደኔ ላለ ሰው፣ መለያየትን እንዲህ በቀጠሮ ማየት ብርቅ ነው። ቅደም ተከተሉማ ይበልጥ ይደንቃል፦ መጀመሪያ ደብዳቤው ይገባል፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከዚያ በኋላ «ለመሆኑ ምን ነበር የፈለግነው?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

ደብዳቤው ወር ሳይሞላው ሜይ፣ ምርጫ የለም ሲሉ ከርመው፣ ምርጫ ጠሩ። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች 20 ነጥብ ገደማ ትመሪያለሽ ብለዋቸዋል፤ «ጠንካራና የተረጋጋ አመራር» የሚል መፈክርም ተዘጋጅቷል። የነበራቸውን አብላጫ ሊያሰፉ ወጥተው ጁን 8 ቀን የነበራቸውንም አጥተው ተመለሱ። ጉድለቱን የሞላላቸው አሥር መቀመጫ የነበረው የሰሜን አየርላንዱ ፓርቲ ዲዩፒ ነው፤ በስምምነቱ ለሰሜን አየርላንድ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ተመደበ። ለአንድ ድምፅ መቶ ሚሊዮን መሆኑ ነው። በየምርጫው ድምፁን በስኳርና በዘይት የሚሸጥ ምስኪን ይህን ሰምቶ ገበያውን ያስተካክል።

ሜይ ከአውሮፓውያኑ ጋር ተደራድረው ስምምነት ይዘው መጡ። ዋናው እሾህ አየርላንድ ነበር፤ ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ይወጣል፣ ደቡቡ ኅብረቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ የተረሳው ኬላ ደግሞ መመለስ የለበትም። ስምምነቱን ሲደራደሩ ከነበሩት አንዱ፣ የብሬግዚት ሚኒስትሩ ዶሚኒክ ራብ፣ ጽሑፉ በወጣ ማግሥት «ይህንንስ በሕሊናዬ አልደግፍም» ብለው ሥራ ለቀቁ። ምክር ቤቱም ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 በ432 ለ202 ጣለው። የ230 ድምፅ ሽንፈት በዘመናዊው የምክር ቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ማርች 12 እንደገና ቀረበ፤ በ149 ወደቀ። አፈ ጉባኤ ጆን በርኮው «አንድ ጥያቄ ተመልሶ አይጠየቅም» የሚል ከ1604 ጀምሮ የሚጠቀስ ልማድ ከመዝገብ አውጥተው «ኦርደር!» ቢሉም፣ መንግሥት መንገድ ፈልጎ ማርች 29 ቀን ለሦስተኛ ጊዜ አመጣው። በ58 ወደቀ። ያ ቀን ከኅብረቱ ሊወጡ የተቀጠረበት ቀን ነበር። 230፣ 149፣ 58። እንዲህ ያለ እድገት እያዩ ተስፋ መቁረጥ አይቻልም፤ ሰባት ስምንት ጊዜ ቢሞክሩት ማለፉ አይቀርም ነበር።

ልባቸውን ያየነው ግን ማርች 27 ቀን ነው። መንግሥት አልቻለም፣ እኛው እንወስን ብለው የዕለቱን አጀንዳ በእጃቸው አስገቡ። ስምንት አማራጭ የተጻፈበት ወረቀት ታደለ፦ ያለ ስምምነት መውጣት፣ በጉምሩክ ኅብረት መቆየት፣ በነጠላው ገበያ መቆየት፣ ዳግም ሕዝበ ውሳኔ፣ ከነጭራሹ ደብዳቤውን መሳብ፣ ሌላም ሌላም። አንድ አባል በአንዱ ብቻ ሳይሆን በፈለገው ሁሉ ላይ «አዎ» ማለት ይችላል። ማታ ውጤቱ ሲነበብ ስምንቱም ወድቀዋል። የኔ ዘመን ሰው በቴሌቪዥን የሚያውቀው ምክር ቤት «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚባልለት ነው፤ በ2015ቱ ምርጫማ 547ቱንም ወንበር ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ስለያዙት እጅ ማውጣቱ ለክንድ ማፍታቻ ካልሆነ ለሌላ አልነበረም። እዚያ ሁሉም ነገር «አዎ» ነው፤ እዚህ ሁሉም ነገር «አይሆንም» ነው። ሁለቱንም ያየ ሰው ዴሞክራሲ ሰፊ ነገር መሆኑ ይገባዋል።

ኤፕሪል 1 ቀን አማራጮቹ ወደ አራት ተቀነሱ። አራቱም ወደቁ፤ የጉምሩክ ኅብረቱ በሦስት ድምፅ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «እስቲ እንዲህ ያለውን ምርጫ ሌላ ዙር እንሞክር» የሚል ሐሳብ ቀርቦ 310 ለ310 እኩል ለእኩል ሆነ። ልብ በሉ፣ እኩል የተከፈሉት በመውጣት ወይም በመቆየት ላይ አይደለም፤ እንደገና ለመከፋፈል ቀጠሮ ይያዝ ወይስ አይያዝ በሚለው ላይ ነው። ከ1993 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመም ነበር። በርኮው በልማዱ መሠረት የመለያ ድምፃቸውን ሰጡ፦ «አይሆንም»። በማግሥቱ የአዳራሹ ጣሪያ ውሃ አንጠባጠበና ስብሰባው ተበተነ። የምክር ቤቱ ሰዎች ውሃው የፍሳሽ አለመሆኑን ለሕዝብ ማረጋገጥ ግዴታ ሆነባቸው።

ከነዚህ ሁሉ ግን ሐውልት ይቁምልኝ የምለው ለስቲቨን ባርክሌይ ነው። ራብን የተኩት የብሬግዚት ሚኒስትር ማርች 14 ማታ በመንግሥት ስም ተነሥተው፣ መውጫው ቀን እንዲራዘም የቀረበውን የራሳቸውን መንግሥት የውሳኔ ሐሳብ ደግፉልን ብለው ክርክሩን ዘጉ። ከዚያ ድምፅ ሲሰጥ ሄደው ተቃወሙት። አፍና እግር በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰው ላይ፣ እንዲህ በሰላም ተለያዩ። መለያየት ለሚያቅደው ሀገር ከዚህ የተሻለ ሞዴል ከየት ይመጣል?

አውሮፓውያኑ ኤፕሪል 10 ቀን እስከ ኦክቶበር 31 አራዘሙላቸው። የአውሮፓ መሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ቱስክ «እባካችሁ ይህን ጊዜ አታባክኑት» ብለው ለመኗቸው። እነሱም ጊዜውን አልጣሉትም፤ ሜይ 23 ቀን የሚለቁትን የአውሮፓ ፓርላማ አባላት መረጡበት። ከዕድር ልውጣ ብሎ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የዕድሩን ዳኛ ለመምረጥ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ሲያወጣ አስቡት። ያውም ብዙ ወንበር ያገኘው፣ 29፣ «ቶሎ ካልወጣን» የሚለው የፋራጅ አዲሱ ፓርቲ ነው። ገዥው ፓርቲ አምስተኛ ወጣ። ቴሬዛ ሜይ ምርጫው በተካሄደ ማግሥት፣ ውጤቱ ሳይነገር፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ቦሪስ ጆንሰን በጁላይ ተተክተው መጡ። ኦክቶበር 31 ቀን «ወይ ሞት ወይ ሽረት» ነው፣ ከምናራዝም ጉድጓድ ውስጥ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል አሉ። ምክር ቤቱን ለአምስት ሳምንት ዘጉት፤ 11 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው ብለው ከፈቱት። ምክር ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን፣ ንግግር እያደረጉ ሳለ አንድ የፓርቲያቸው ሰው ተነሥቶ አዳራሹን አቋርጦ ተቃዋሚዎች መካከል ሄዶ ተቀመጠ፤ የነበረቻቸው የአንድ ድምፅ ብልጫም አብራው ሄደች። በዚያ ምሽት የምክር ቤቱ የመንግሥት ተጠሪ ጄኮብ ሪስ-ሞግ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ሙሉ ቁመታቸውን ጋደም ብለው፣ ዓይናቸውን ከደን ከደን እያደረጉ ክርክሩን ይከታተሉ ነበር። ሀገር ሲጨነቅ አንድ እንኳ የተረጋጋ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው። ጆንሰን በበኩላቸው በድምፅ የከዷቸውን 21 የራሳቸውን አባላት፣ የቸርችልን የልጅ ልጅ ጨምሮ፣ ከፓርቲው ቡድን አስወጡ። አብላጫ ያጣ መሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ያሉትንም መበተን ነው፤ ቆጠራው ይቀላል።

የምርጫው ጨዋታ እዚህ ላይ ደራ። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ የሌበር መሪ ጄሬሚ ኮርቢን ከዓመቱ መግቢያ ጀምሮ «ምርጫ! አሁኑኑ ምርጫ!» ሲሉ ጉሮሯቸው ደርቋል። ጆንሰን «በሉ ምርጫ» አሏቸው። ወይ ፍንክች! በ2011 የወጣው ሕግ ያለ ጊዜው ምርጫ ለመጥራት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ማለትም 434 ሰው ይጠይቅ ነበር። ሴፕቴምበር 4 ቀን ጆንሰን 298 ለ56 «አሸንፈው» ተሸነፉ፤ የሌበር ሰዎች አብዛኞቹ ድምፅ አልሰጡም። ከአምስት ቀን በኋላ ደገሙት፣ ኦክቶበር 28 ሠለሱት፤ ያው ነው። አንዱ አብላጫ የሌለው መንግሥት ይዞ «አውርዱኝ» እያለ ይለምናል፣ ሌላው ይውረድ ሲል የኖረውን መንግሥት አላወርድም ብሎ ደግፎ ይዟል። ተቃዋሚዎቹ ምክንያት አላቸው፤ መጀመሪያ ያለ ስምምነት መውጣት ይከልከል ባይ ናቸው። ምክንያቱ እውነት ነው። የሕዝብ አስተያየት መለኪያው ሌበርን ወደ ታች ማሳየቱም እውነት ነው። ሁለት እውነት እንዲህ ሲገጣጠም ደስ ይላል።

ያለ ስምምነት መውጣትን የሚከለክለው ሕግ ጆንሰን የሚልኩትን የማራዘሚያ ደብዳቤ ቃል በቃል ጽፎ ሰጥቷቸዋል። ኦክቶበር 19 ቀን፣ ከ1982 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ በተሰበሰቡበት ዕለት፣ ቀኑ ደረሰ። ሰውዬው የሕጉን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ላኩ፤ ፊርማ የለበትም። ሌላ ደብዳቤ አስከትለው ላኩ፤ ይኸኛው ላይ ስማቸውን ጥሩ አድርገው ፈርመዋል፣ የሚለውም ማራዘሙ ጎጂ ነው ነው። ለምኑልኝ አትስጡኝ! ብራስልስ ያልተፈረመውን አንብባ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አራዘመች። ጉድጓዱም ባዶውን ቀረ። የኦክቶበር 31 ቀን የተቀረጸባቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ የሃምሳ ሳንቲም መታሰቢያ ገንዘቦች ግን ቀልጠዋል፤ በዚያ ዘመን ቀኑን ጠብቆ የሞተ እነሱ ብቻ ናቸው።

የሁለት ሦስተኛው ሕግስ? ኦክቶበር 29 ቀን አጭር አዲስ ሕግ አውጥተው በተራ አብላጫ ዘለሉት፤ 438 ለ20። ሲሆን ይሆናል ማለት ነው።

በምርጫ ዘመቻው ኮርቢን አቋማቸውን ገለጹ፦ አዲስ ስምምነት እደራደራለሁ፣ ለሕዝበ ውሳኔ አቀርበዋለሁ፣ እኔ ራሴ ግን ገለልተኛ እሆናለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በራሱ ስምምነት ላይ ሐሳብ የሌለው ሰው በትሕትናው ሊመረጥ ይገባ ነበር። ምርጫው እንዲፋጠን ከስኮትላንድ ብሔርተኞች ጋር የገፋፉት የሊበራል ዴሞክራቷ ጆ ስዊንሰን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር እሆናለሁ ብለው ተነሥተው ዲሴምበር 12 ቀን የራሳቸውን ወንበር በ149 ድምፅ አጡ። የወሰደባቸውም አብረውት የገፉት ፓርቲ ነው። ጆንሰን 365 ወንበር ያዙ።

እንግዲህ ያ «አይሆንም» ቤት ምን ሆነ? ዲሴምበር 30 ቀን 2020 ከ1,200 ገጽ በላይ የሆነው የንግድ ስምምነት ማስፈጸሚያ ሕግ ቀረበለት። አንድ ቀን ባልሞላ ክርክር፣ ብዙዎቹ በኮሮና ምክንያት በውክልና ድምፅ እየሰጡ፣ 521 ለ73 አለፈ። ሌበር «ስስ ስምምነት ነው» እያለ ደገፈ። ከተቃወሙት መካከል የስኮትላንድ ብሔርተኞች ይገኛሉ። እነሱማ የሚወጡበት ሌላ ኅብረት አላቸው፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ፣ ጆንሰን የሕዝብን ፈቃድ አክብሬ ከአውሮፓ አወጣኋችሁ ሊሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ለነጻነት ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ይፈቀድልን ብለው ለጠየቁት መልሱን በደብዳቤ ሰጥተዋቸዋል። ይኸኛው ደብዳቤ ፊርማ አለበት። አይሆንም ይላል።