ድረ ገጽ ከመዝጋት ሰዓት መወሰን ይሻላል

ሲም ካርድ በሚወስድ ራውተርና በወርሃዊ ጥቅል ኢንተርኔት በሚጠቀሙ ቤቶች ውስጥ፣ ለወሩ የታሰበው ዳታ ከወሩ አጋማሽ በፊት ሲያልቅ ጣት የሚቀሰረው በልጆች ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ትክክል ነው። በ1080 ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት ከ1.5 እስከ 3 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ስለሚቀጥልም ልጁን እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ እንኳ ፍጆታው ላይቆም ይችላል። ወላጆች በዚህ ጊዜ የሚፈልጉት መፍትሔ ራውተሩ እነ ዩቲዩብንና ቲክቶክን እንዲዘጋላቸው ነው። ራውተሩን ለዚህ ጉዳይ መጠቀሙን እኔም እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ድረ ገጽ በመዝጋት መጀመራቸው የተሳሳተ ይመስለኛል።

ዛሬ በስልክና በድረ ገጾች መካከል ያለው ግንኙነት በአብዛኛው የተመሰጠረ በመሆኑ፣ ራውተሩ ቢበዛ የድረ ገጹን ስም ያያል እንጂ የትኛው ቪዲዮ እንደተከፈተ አያውቅም። ስለዚህ ዩቲዩብን ሲዘጋ ቀልዱን ከ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ማብራሪያ ለይቶ ሊዘጋ አይችልም። ቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ ተማሪዎች መጽሐፍና የፈተና ጥያቄ የሚለዋወጡበት መተግበሪያና ፊልም የሚያወርዱበት መተግበሪያ አንድ ነው። ሁሉንም መዝጋት የልጁን ትምህርት መንካት ነው፤ ሁሉንም መተው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሰናል።

በዚህ ላይ የአገራችን ልጆች መታገድን ለምደውታል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በቆዩባቸው ወራት፣ ቪፒኤን (የታገደን ገጽ በሌላ መንገድ አዙሮ የሚከፍት መተግበሪያ) መጫን ስልክ ከመክፈት ያልተለየ ተራ ነገር ሆኖ ነበር። መንግሥት የዘጋውን ያለፈ ልጅ አባቱ የዘጋውን አያልፍም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ስልኩን በማክ አድራሻው፣ ማለትም ራውተሩ መሣሪያውን በሚለይበት ቁጥር፣ ለይቶ ማገድም ቢሆን፣ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች ይህን አድራሻ መለዋወጥ ስለሚችሉ እንደ ድሮው አያስተማምንም።

የሰዓት ገደብ ግን በቪፒኤን አይታለፍም። ሁለተኛ የዋይፋይ ስም ማውጣት በሚችል ራውተር ላይ ለልጆች የራሳቸውን መስመር ከፍቶ፣ ያ መስመር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንዲዘጋና በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ዋይፋዩ ራሱ ከሌለ ቪፒኤኑ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ራውተሩ ይህን ባይችል እንኳ ማታ ማጥፋት ማንንም አያቅትም። የዩቲዩብን ጥራት ወደ 480 ዝቅ ማድረግ ፍጆታውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ ቴሌግራም ቪዲዮዎችን በራሱ እንዳያወርድ ማድረግም ብዙ ይቆጥባል። እነዚህ ሁለቱ በስልኩ ላይ የሚደረጉ ናቸው፤ ከልጁ ጋር አብሮ ተቀምጦ ማድረጉ ደግሞ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ያመቻል።

ማጣሪያ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ትንንሽ ልጆችን ከወሲብ ነክ ድረ ገጾች ለመጠበቅ፣ የራውተሩ ቅንብር ከፈቀደ፣ በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ቦታ ላይ ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ያቀረበውን 1.1.1.3 የተባለ አድራሻ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ግን ዳታ ለመቆጠብ የሚረዳ አይደለም።

በራውተሩ ላይ የሚደረግ የትኛውም ቅንብር የሚጸናው የራውተሩ መቆጣጠሪያ ፓስወርድ (የዋይፋዩ ሳይሆን ወደ ቅንብሩ የሚያስገባው) ከተቀየረ ብቻ ነው። በብዙ ቤቶች ይህ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ በራውተሩ ጀርባ ተለጥፎ ይኖራል፤ ከወላጁ ቀድሞ የሚያነበውም ልጁ ነው። ራውተር የሚሸጡና የሚገጥሙ ድርጅቶች የራውተሩ መብራት መብራቱን አይተው ከመሄዳቸው በፊት ፓስወርዱን ከደንበኛው ጋር ቢቀይሩና የሰዓት ገደቡን ገጽ ቢያሳዩት የሚወስድባቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ደንበኛውም ይህን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ አገልግሎቱ አካል ሊጠይቅ ይገባዋል።