ስለ ሆዱ የተጠየቀ ታካሚ ስለ ሌሊቱም ይጠየቅ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ የጨጓራ መድኃኒት ከቦርሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቃሊቲ ለሚሄደው ታክሲ ሲሰለፉ፣ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ሆዳቸውን ጫን አድርገው ይይዛሉ። ባለፈው ክረምት ከኋላቸው ቆሜ «እትዬ፣ ዛሬም አመመዎት?» ብላቸው፣ «ሆዱስ መድኃኒት አለው ልጄ፤ ያስቸገረኝ ሌሊቱ ነው። የባንኩ ዕዳ፣ የልጁ ሥራ ማጣት፣ ሁሉም ተራ ይዘው ይቀሰቅሱኛል» አሉኝ። በዚሁ ሕመም ሦስት ጊዜ ታክመዋል፤ ስለ እንቅልፋቸው የጠየቃቸው ባለሙያ ግን አልነበረም።

ቋንቋችን ይህን ጉዳይ ከሐኪሞቻችን ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ የጨነቀው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ የድመትን ሆድ በራጅ ሲመለከት፣ ድመቷ በተረበሸች ቁጥር የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። የሰውም ሰውነት የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፣ ምግብ መፍጨትን የመሰለ ለጊዜው የማያስፈልግ ሥራ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። በእኛ ሰፈር ማለዳ ጅብ ላጋጠመው ሰው ይህ ዝግጅት ነፍስ አድን ነው፤ ጅቡም ሲሄድ ሰውነት ይረጋጋል። የባንክ ዕዳ ግን የሚሄድ ጅብ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ለደቂቃዎች የታሰበው ዝግጅት ለወራት ሳይፈታ ይቆያል፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና በሽታ የመከላከል አቅምንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ ሆን ተብሎ የተደረገው ትንሽ ቁስል፣ ይህ ሸክም ከሌለባቸው ሴቶች ቁስል በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቶ እንደዳነ አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በሽተኛ ማስታመም በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ባረፈበት አገር ለምንኖር ሰዎች ቸል የሚባል ውጤት አይደለም።

ይህን ስል ሕመሙን ሁሉ በጭንቀት ማሳበብ አልፈልግም፤ ያም ሌላ ስሕተት ነው። የጨጓራ ቁስለት ለረጅም ዘመን የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ዋነኛ መንሥኤነት በማረጋገጣቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው ሰው ይመርመር፤ ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት የከሳማ አንድ ቀን እንኳ ማሳደር የለበትም። የእኔ ቅሬታ ምርመራው ሆድ ላይ ጀምሮ ሆድ ላይ ማለቁ ነው። ባክቴሪያው ታክሞ ከጠፋ በኋላም ጭንቀት የጨጓራን ሕመም እንደሚያባብስ፣ ትንሹንም ሕመም ትልቅ አድርጎ እንደሚያሰማ የሚክድ ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

መሣሪያው ደግሞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ በቡታጅራ በተካሄዱ ጥናቶች ላይ ከዋለ ዓመታት ተቆጥረዋል። ራስዎን ያምዎታል ወይ፣ እንቅልፍ ይነሣዎታል ወይ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ሆድዎ ይረበሻል ወይ እያለ የሚጠይቀው ይህ ወረቀት፣ የአእምሮን ጭንቀት ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ በአካል በኩል ይፈልገዋል። መልሱም አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። የደም ግፊት በሚለካበት ወንበር ላይ ይህን መጠየቅ ደቂቃዎችን እንጂ ሰዓታትን አይወስድም፤ በከተማው ዳርቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ለምን መደበኛ ሥራቸው እንደማያደርጉት አይገባኝም።

ወረፋው እስኪደርስ ግን ሰው በራሱ የሚያደርገው ነገር ያስፈልገዋል። «አይዞሽ፣ አትጨነቂ» ማለት ደግነት ቢሆንም አይሠራም፤ አታስብ የተባለ አእምሮ ያንኑ ነው የሚያስበው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የተሞከረው ዘዴ ሐሳብን ከመከልከል ይልቅ ቀጠሮ ይሰጠዋል፦ በየቀኑ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ይመደባል፣ በሌላ ጊዜ የመጣው ሁሉ ለዚያ ሰዓት ይቆያል። በቀጠሮውም ሰዓት ጭንቀቱ ይጻፋል፣ ከጎኑም የሚደረግለት ነገር ካለ ይሰፍራል። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይ አየር ማስወጣቱን ከማስገባቱ ማርዘም፣ የልብን ምት ያረግባል። ስለ ቡና ደግሞ መናገር ያስፈራል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው ቡና ራሱ መድኃኒት ነውና። ሆኖም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በሰውነት ውስጥ ይቆያልና፣ በረካው ሳይቀር የሚጠጣበትን ሰዓት ወደ ረፋዱ ማምጣት ይበጃል።

ጎረቤቴ የሄሊኮባክተር ምርመራ አድርገው ውጤቱን እየጠበቁ ነው። የቀጠሮውን ዘዴ ከነገርኳቸው ወዲህም በልጃቸው አሮጌ ደብተር ላይ ማታ ማታ ይጽፋሉ። ባለፈው እሑድ አሳይተውኝ ነበር፤ «ባንክ» ከሚለው ጎን «ማክሰኞ ሄጄ ጊዜ ይራዘምልኝ ብዬ እጠይቃለሁ» የሚል ሰፍሯል። «የልጁ ሥራ» ከሚለው ጎን ያለው መሥመር ባዶ ነው።